ጫካው ዝም ሳይል

እኩዮቼ ሆይ፣ ከጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ በር ውጪ ከዛፍ ጥላ ሥር አብረን የምንቀመጥ፣ ልጆቻችን መኪና አቁመው እንግዳ ሲጠብቁ እኛ ምርኩዛችንን ተደግፈን የወጣውን የወረደውን የምናይ ሽማግሎች፣ ዛሬ የምናገረው ለእናንተ ነው። ለወጣቶቹም የምለው አለኝ፤ ነገር ግን ወጣት የሚሄደው ታላቁ ዝም ብሎ ባሳለፈው መንገድ ነውና፣ መጠየቅ ከመጣ መጀመሪያ የምንጠየቀው ዝም ያልነው ነን። እኔም ከዝምተኞቹ አንዱ ነበርሁ። ሦስት አራት ክረምት አይቼ እንዳላየሁ፣ ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆኜ ካሳለፍሁ በኋላ፣ ይህን ሳልናገር ብሞት አፈሩ የሚከብደኝ መሰለኝ።

ነገሩን የምታውቁት ነው። ዝናብ ሲገባ፣ ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት ገደማ በርሮ የሚያርፈው አውሮፕላን ከመንግሥት ሠራተኛውና ከነጋዴው ጋር ሌላ ዓይነት እንግዳም ያወርዳል፤ ወገብ የሚያጎብጥ የካሜራ ሻንጣ የተሸከመ፣ የጎማ ቦት ጫማውን ከቦርሳው ጎን ያንጠለጠለ፣ ከሰላምታ ቀጥሎ የጫካውን መንገድ የሚጠይቅ እንግዳ። አንዳንዱ ፈረንጅ ነው፣ አንዳንዱም የራሳችን ልጅ ነው። ዝሆን ወይም ነጭ ጆሮ ቆርኬ ለማየት የመጣ ይመስላችሁ ነበር፤ እርሱ ግን የሚፈልገው ዛፍ ላይ የምትኖረውን እንቁራሪት ነው። ልጆቻችን ይቀበሉታል፣ ወደ ማጃንግ ደን ይዘውት ይወጣሉ፣ ሌሊቱን ይመሩታል፣ ጥቂት ብር ይዘው ይመለሳሉ። እኛም ሥራ ያልፈታ ልጅ አየን ብለን እንመርቃለን። ምርቃቱ አይከፋም። እኔን ያስፈራኝ በምርቃቱ ሥር ተሸፍኖ የሚያድገው ነገር ነው።

እኔ ይህን ምድር የረገጥሁት በ1977 ዓ.ም. ነው፤ ከእናንተም ብዙዎቻችሁ ያኔ ነው የመጣችሁት። ረሀቡ ከወሎ ቀያችን ነቅሎን፣ በሩሲያ አንቶኖቭ ሆድ ውስጥ እንደ እህል ጆንያ ተጠጋግተን ተጭነን፣ ጋምቤላ ላይ አራገፉን። በሩ ሲከፈት ፊታችንን የመታው ወበቅ፣ ሰው የሚውጠው የሣር ቁመት፣ ሕፃን ታቅፈው በሚወርዱት እናቶች ዓይን ላይ የነበረው ድንጋጤ፣ ዛሬም አውሮፕላን ባረፈ ቁጥር ይመለስብኛል። ከሁሉ አብልጦ የማልረሳው ግን አቦቦ አካባቢ ያደርነውን የመጀመሪያውን የዝናብ ሌሊት ነው። ከሣር ዳስ ውስጥ ተኮራምተን ሳለ ዝናቡ ጣለ፤ ሲያባራም ጨለማው መጮህ ጀመረ። የወሎ ሌሊት ጅብና ውሻ የሚመላለሱበት፣ በመካከሉም ጸጥ የሚል ሌሊት ነው። ይህኛው ከመሬት እስከ ዛፍ ጫፍ ድምፅ ነበር፤ አንዱ ጠጠር በጣሳ ውስጥ እንደሚያንቋቋ፣ አንዱ እንደተሰነጠቀ ደወል፣ አንዱ አንዴ ብቻ ጠቅ ብሎ የሚጠፋ። ልጆቹ አለቀሱ። ለጥየቃ የመጡ አንድ የአኙዋክ ሽማግሌ ቋንቋችንን ባያውቁም መዳፋቸውን በመሬት ላይ እያዘለሉ እንቁራሪት መሆኑን አሳዩንና ሳቁ፤ እኛም ከቀያችን ከወጣን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅን።

ከዚያ መጥረቢያና ገጀራ ታደለን። በእነዚያ ሁለት ዓመታት በመላ ሀገሪቱ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው ከደረቀው ምድር ወደ ለምለሙ ተወስዷል፤ የተሰጠን ትእዛዝ መንጥራችሁ እረሱ የሚል ነበርና መነጠርን። በእነዚህ ሁለት እጆቼ የጣልኋቸውን ዛፎች ቁጥር አላውቅም፤ ዛፍ ሲወድቅ እልል ይባል እንደነበር ግን አስታውሳለሁ። ርቦን ነበር፣ የምንቀብረውም ልጅ በዝቶ ነበር፤ ስለዚህ በዚያ ዘመን ሰው ላይ የሚፈርድ ይፈርድ፣ እኔ አልፈርድም። በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው ክረምት ግን አንድ ሌሊት ዝናብ አባርቶ ደጅ ብወጣ ምንም አልሰማሁም። ጆሮዬ የደፈነ መስሎኝ በጣቴ ነቀነቅሁት። ከወንዙ ማዶ፣ ከሩቅ፣ ጥቂት ድምፅ ይመጣል፤ በጎጆዬ ዙሪያ ግን የወሎ ሌሊት ተከትሎኝ መጥቶ ነበር። ድምፁ የሄደበትን ቀን የሚነግረኝ ሰው በመንደሩ አላገኘሁም። በአንድ ቀን አልሄደምና ማንም አላየውም።

እኩዮቼ፣ የምናገረው ያን ሌሊት ስለማውቀው ነው። ጥፋት ሲመጣ ነጋሪት አይጎሰምለትም፤ የሚመጣው ሥራ የያዘ፣ ደመወዝ የሚከፍል፣ ምክንያቱ የሚታመን ሆኖ ነው። ያኔ ምክንያቱ ረሀብ ነበር። ዛሬ ምክንያቱ ፎቶ ነው፣ ቡና ነው፣ መሬት ነው፣ የልጆቻችን ሥራ ማግኘት ነው።

የተረፈው ትልቁ ደናችን በክልሉ ደቡብ ምሥራቅ በማጃንግ ዞን ያለው ነው። ዩኔስኮ በ2009 ዓ.ም. ሰኔ ላይ የባዮስፌር ሥፍራ ብሎ መዝግቦታል፤ ስፋቱ 225,490 ሄክታር ነው፣ 550 ያህል ዓይነት ዕፅዋትና 130 ያህል ዓይነት ወፎች ይዟል ተብሎ ተጽፏል። ከእርሱ በፊት ከፋና ያዩ፣ ከዚያም ሸካ ተመዝግበዋል፤ አራቱ ከቆላው ጠርዝ እስከ ደጋው የተረፈውን የደቡብ ምዕራብ ደን የያዙ ናቸው። ማጃንጎች ቀፎአቸውን ከረጃጅሙ ዛፍ ላይ ሰቅለው፣ ዛፉን እንደ ዘመድ ጠብቀው የኖሩ ሕዝብ ናቸው። እኛ በመጥረቢያ የገባንበትን እነርሱ በገመድ እየወጡ ማር ያወርዱበት ነበር። ይህን ልዩነት መረዳት ዕድሜዬን ፈጀብኝ።

ካቻምና ነሐሴ ላይ ያ የልጅ ልጄ፣ ብዙዎቻችሁ የምታውቁት አስጎብኚው፣ «አባባ፣ አንድ ቀን መጥተው ይዩልኝ» ብሎ በማጃንግ ካለችው ከሜጢ ከተማ ወጣ ካለ የጫካ ቡና ውስጥ ይዞኝ ገባ። ምሽቱ ሁለት ሰዓት አልፏል፤ ዝናቡ ቆሟል፣ ቅጠሉ ግን ገና ይዘንባል። ልጁ በግንባሩ ያሰረውን ባትሪ አጠፋና እንድቆም በእጁ ምልክት ሰጠኝ። ቆምን። ጥቂት ቆይቶ ያ የ1977ቱ ሌሊት ከዙሪያዬ ተነሣ። አርባ ዓመት ገደማ ያልሰማሁት ድምፅ ነበርና ጉልበቴ ከዳኝ፤ ከቡናው ግንድ ተደገፍሁ። ልጁ በድካም መስሎት ውኃ ሰጠኝ።

እንቁራሪት የምትገኘው በዓይን ሳይሆን በጆሮ መሆኑን ያን ሌሊት ተማርሁ። ልጁ አንዱን ድምፅ ከመቶው ለይቶ ይይዛል፣ ሁለት እርምጃ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ድምፁ ሲቋረጥ እርሱም ይቋረጣል፤ እንደገና ሲጀምር እንደገና ይሄዳል። በመጨረሻ መብራቱን በዝግታ ሲያበራ፣ በትከሻዬ ትክክል ባለ የቡና ቅጠል ላይ ሁለት ፍም ዓይኖች ታዩኝ። ከአውራ ጣቴ ብዙም አትበልጥም። ጀርባዋ የእርጥብ ቅርፊት ቀለም ነው፤ የጣቶቿ ጫፎች እንደ ትንሽ አዝራር ክብ ሆነው ቅጠሉን ይዘዋል፤ ከጉሮሮዋ ሥር ያለው ቆዳ ትንፋሽ በገባ በወጣ ቁጥር ይርገበገባል። እንዲህ ያለችው እንቁላሏን በአፈር ውስጥ ትጥልና እጮቹ በጎርፍ ቀን እየተንፏቀቁ ውኃ ይደርሳሉ አለኝ። ከዚያ ከአንድ ኩሬ በላይ ያዘመመ ሌላ ቅጠል አሳየኝ፤ ቅጠሉ በቁመቱ ታጥፎ ጠርዙ ከጠርዙ ተጣብቋል፣ መብራቱን ከበስተኋላው ሲይዝበት በውስጡ ነጫጭ ፍሬዎች እንደ ዕንቁ ተደርድረው ታዩ። ትንሿ ብጫ እንቁራሪት እንቁላሏን ከጣለች በኋላ ቅጠሉን አጥፋ በራሷ ሙጫ የምታሽገው ነው። እጮቹ ሲደርሱ ቅጠሉ ይፈታና ከታች ካለው ውኃ ይወድቃሉ። እኔ የወሎ ገበሬ ነኝ፤ ጎተራ ሠርቻለሁ፣ ጉድጓድ ቆፍሬ እህል ደብቄያለሁ። እንዲህ ያለ ጎተራ ግን አላየሁም።

ቅጠል የምታጥፈዋ ወገን በሀገራችን ብቻ የሚገኙ ዘመዶች አሏት። ማልኮልም ላርገን የተባሉ እንግሊዛዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1974 ሁለቱን ለዓለም ሲያስተዋውቁ ለአንዷ ከእንሰት የወጣ ስም ሰጧት። ከዚያም በፊት ከጣሊያናዊው አሳሽ ከቦቴጎ ጋር የመጣው ቫኑቴሊ፣ አለቃው በ1889 ዓ.ም. በምዕራቡ ምድራችን ተገድሎ እርሱ ቢማረክም፣ ስሙ በዛፍ እንቁራሪታችን ላይ ቀርቷል። ዛሬ ከ70 በላይ የሆኑ የእንቁራሪትና የጉርጥ ዓይነቶች በኢትዮጵያ ይታወቃሉ፤ ከሦስት አንዱ በላይ ከዚህች ሀገር ውጪ የትም የለም። ገና ያልታወቀም አለ። ከማጃንግ ብዙ በማይርቀው በቢቢታ ተራራ ላይ የተገኘች አንዲት እንቁራሪት ስም ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። እንግዲህ አስቡት፤ አቦቦ ላይ እኛ ዝም ካሰኘናቸው ድምፆች መካከል ስም ሳይወጣለት የሄደ አለመኖሩን ማን ይምልልኛል?

አሁን ወደሚያመኝ ነገር ልግባ። በማግስቱ ሌሊት የልጅ ልጄ ሦስት እንግዶች ይዞ ሲወጣ እኔም ተከተልሁ። መጥፎ ሰዎች አልነበሩም፤ ለእኔ ወንበር ያቀረቡ፣ ሲበሉ የጋበዙ፣ በአክብሮት የሚናገሩ ናቸው። ነገር ግን የመጀመሪያዋን እንቁራሪት ባዩ ጊዜ ከፍ ብላ ተቀምጣለችና ቅርንጫፉን ጎትተው ሰበሩት። በአንዲት ነፍስ ላይ አራት መብራት በአንድ ጊዜ አበሩ፣ ፍላሹ መቶ ጊዜ ይሁን ሁለት መቶ ጊዜ ብልጭ አለ፤ ድምፅዋ ተቋረጠ፣ ከእርሷ ጋር የጎረቤቶቿም ተቋረጠ፣ ያ የጫካ ክፍል እስክንወጣ ድረስ አልተናገረም። ከዚያ አንደኛው የትንኝ ቅባት በተቀባ እጁ አነሣትና በፌስታል ከተታት። እንቁራሪት በቆዳዋ እንደምትተነፍስ፣ በቆዳዋም እንደምትጠጣ የልጅ ልጄ ነግሮኝ ስለነበር እጄን ዘረጋሁ፤ ምን እንደምል ግን አላወቅሁም፣ መልሼ ሰበሰብሁት። ከእንግዳ ማረፊያው ደርሰን ከፍሪጅ ውስጥ አስቀመጧት፤ ሲበርዳት ትፈዛለች፣ ፈዛ አትዘልም አሉኝ። ጠዋት አውጥተው ከግቢው ከተቀጠፈ ቀይ አበባ ላይ አኖሯት፣ እንደ ሙሽራ እያዟዟሩ ፎቶ አነሷት። ፎቶው ያማረ ነበር፤ አየሁት። ያ አበባ በዚያ ጫካ ውስጥ እንደማይበቅል የሚያውቅ ያያት ሁሉ የሚያየው ውሸት መሆኑን ይረዳል። ከዚያ ከግቢው በስተጀርባ ከሣር ላይ ለቀቋት። ከኩሬዋ እዚያ ድረስ በመኪና የሚኬድ ርቀት ነው።

ይህ የአንድ ሌሊት ነገር ቢሆን አልጽፈውም ነበር። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ከእንግዳ ማረፊያው በር ላይ ሕፃናት ጣሳ ይዘው ተሰልፈው አገኘሁ። ለእንቁራሪት ብር ይሰጣል የሚለው ወሬ ከእንግዶቹ ቀድሞ መንደሩን አዳርሷል። አንዱን ጣሳ ተቀብዬ ክዳኑን ብከፍተው ወደ ሃያ የሚሆኑ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው፣ ከሥር ያሉት ሞተው፣ ከላይ ያሉት ጉሮሯቸው እየተርገበገበ ነበር። ከእነርሱም ጋር የታጠፈ ቅጠል ነበረበት፣ ከነእንቁላሉ የተቀነጠሰ። ሕፃኑ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው። ጥፋት እንደሠራ ምንም አያውቅም፤ ፊቱ ላይ የነበረው ያ በ1977 ዛፍ ስንጥል በእኛ ፊት ላይ የነበረው ኩራት ነው። እርሱን መቆጣት አልቻልሁም።

ከዓይን የማይታየው ደግሞ ከሚታየው ይከፋል። እንቁራሪትን የሚገድል ኪትሪድ የሚሉት ፈንገስ አለ፤ በውኃና በጭቃ ይኖራል፣ ከቆዳዋ ይገባና የምትተነፍስበትንና የምትጠጣበትን ያበላሽባታል። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት በዓለም ቢያንስ 501 ዝርያዎችን እንዳመናመነ፣ ከእነርሱም 90ዎቹ ጠፍተዋል ተብሎ እንደሚታመን ቆጥረዋል። በኮስታ ሪካ ሞንቴቬርዴ የተባለ የተጠበቀ ተራራ ላይ ወርቃማ ጉርጥ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1987 ከ1,500 በላይ ታይተው፣ በ1989 አንዲት ብቻ ታየች፣ ከዚያ ወዲህ ማንም አላያትም። በእርሷ ላይ የአየሩ መለወጥም እጅ አለበት ይባላል። ልብ በሉ፣ ዛፉ አልተቆረጠም፤ ደኑ እስከ ዛሬ ቆሞ አለ፣ ዝም ብሎ። በፓናማም አንድ ትልቅ የዛፍ እንቁራሪት ነበር፤ ፈንገሱ እየገሰገሰ ሲመጣ ሰዎች ቀድመው ጥቂቶቹን ወደ አሜሪካ ወሰዷቸው። የመጨረሻው ወንድ አትላንታ ውስጥ በተሠራለት ክፍል ለዓመታት ብቻውን ኖሮ መስከረም 2009 ዓ.ም. ሞተ። ከመሞቱ ሁለት ዓመት ያህል አስቀድሞ ሲጣራ ድምፁ ተቀርጿል። የምትመልስለት አልነበረችም።

ይህ የሩቅ ሀገር ወሬ ነው እንዳትሉኝ፤ ፈንገሱ በኢትዮጵያ ደጋማ ሥፍራዎች በብዙ ዓይነት እንቁራሪቶች ላይ መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ታትሟል። በባሌ፣ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ ከሌላቸው እንቁራሪቶች መካከል አንዷ መጀመሪያ ከተገኘችበት ጅረት ታጥታለች፤ ሌላዋ የባሌ ጉርጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ ሳትታይ ቆይታለች። በዚያ የደኑ መመንጠርም ተጨምሮበታል። እንግዲህ ከዚህ ከአውሮፕላን ማረፊያው በር ስንቀመጥ የሚያልፉትን ቦት ጫማዎች አስተውላችሁ ተመልከቱ። ከሦስት ቀን በፊት በሌላ አህጉር ጫካ ውስጥ የነበረ ጫማ፣ ጭቃው ገና ከጥርሱ ሳይራገፍ፣ በእኛ በር በኩል በማጃንግ ወዳለው ጎደሬ ይሄዳል። በቀድሞው ዘመን፣ የእንግሊዝ መርከቦች ከካርቱም የባሮን ወንዝ ሽቅብ ይመጡ በነበሩበት ጊዜ፣ እንግዳ በመንገድ ላይ ሳምንታት ይፈጅ ነበር፤ ጭቃውም ደርቆ ይረግፍ ነበር። አሁን የዓለም ጭቃ ሁሉ ሳይደርቅ ይደርሳል።

ፎቶ አንሺዎቹን ብቻ ከስሼ ብዘጋ ግን በደለኛ እሆናለሁ። የደኑ ትልቁ ጠላት ካሜራ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በዚሁ በጎደሬ 3,012 ሄክታር መሬት ለሻይ ተክል ለአንድ የህንድ ኩባንያ ለ50 ዓመት ሲሰጥ፣ የአካባቢው ሰው ተቃወመ፤ የዚያን ጊዜው ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስም ደኑ እንዳይነካ ደግፈውት ነበር። የሀገር ርዕሰ ብሔር የቆመለት ጉዳይ እንኳ ደኑን ከመጥረቢያ አላስጣለም። በቆላውም 100,000 ሄክታር ለሌላ ኩባንያ ተሰጥቶ፣ ተመንጥሮ ካለቀው ይልቅ ሳይታረስ የቀረው በዝቶ፣ ውሉ በ2008 ዓ.ም. ተቋረጠ። የተነቀለው ግን በውሉ መቋረጥ አልተመለሰም። እኛም በየጓሯችን እንዲሁ ነን፤ ቡናው ብርሃን ያግኝ ብለን ከሥሩ ያለውን ቁጥቋጦ እንጠርጋለን፣ ከላዩ ያለውን ዛፍ እናሳሳለን፣ ከኩሬው ዳር ያለውን እናጸዳለን። ከሩቅ ሲያዩት አሁንም ደን ይመስላል። እንቁራሪቷ የምትኖርበት ግን ያ የጠረግነው መካከለኛው ክፍል ነው፤ ሰው ጣራና ወለሉን ትቶ ግድግዳውን ቢያፈርስ ቤቱ ቆሟል ይባላልን? ደኑ እንዲህ በሳሳ ቁጥር የተረፈው ጥቂት ኩሬ ዋጋው ይንራል፣ ካሜራ ሁሉ ወደዚያች ኩሬ ይጎርፋል፣ ያችም ኩሬ በመብራትና በጣሳ ትደክማለች። አንዱ ጥፋት ለሌላው መንገድ እየጠረገ ነው፤ እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነው።

የፎቶውንም ጥቅም አልክድም። አንዲት በትዕግሥት የተነሣች ፎቶ፣ በተቀመጠችበት ቅጠል ላይ፣ በራሷ ሌሊት፣ ለአዲስ አበባ ልጅ ያላየውን ደን ታሳየዋለች፤ ለተመራማሪም ምስክር ትሆናለች። ዓለም ማጃንግን የሚያውቀው በዚህ ከሆነ ይወቀው። የምለምነው መንገዱ እንዲለወጥ ነው። እንግዳው ያገኛትን ባገኛት ቦታ ያንሣት፤ ከፍ ብላ ከተቀመጠች ከፍ ብላ ትቅር፣ ነገ ሌሊት ሌላዋ ዝቅ ትላለች። ቅርንጫፍ አይሰበር፣ ፌስታል አይግባ፣ ፍሪጅ የሚባል ነገር ከዚህ ሥራ ፈጽሞ ይውጣ። እጅ የግድ መንካት ካለበት ምንም ቅባት ያልነካው፣ በዚያው ኩሬ ውኃ የረጠበ እጅ ይሁን። የታጠፈ ቅጠል ሲያዩ ልጆቻችን መብራታቸውን መልሰው ወደ ኋላ ይበሉ። ኩሬው ያለበትን ቦታ ማንም በስልኩ ምልክት አድርጎ ለዓለም እንዳይበትነው እንግዳው ከመኪና ሳይወርድ ቃል ይግባ። ከሁሉ በላይ፣ በእንቁራሪት ቁጥር የሚከፈል ብር በዚህ ምድር ይቅር፤ የሚከፈለው ለእግር፣ ለዓይን፣ ለሌሊቱ ይሁን። ለሕፃን በጣሳ የሰጠነው ብር ሕፃኑ አባት ሲሆን የሚበላው አይደለም።

ለዚህ ሕግ እስኪወጣልን መጠበቅ አያሻም። አኙዋኩም፣ ኑዌሩም፣ ማጃንጉም፣ ከደጋ የመጣነውም፣ በዚህች ምድር ብዙ ተጎዳድተናል፤ ያን ዛሬ አላነሣውም። ነገር ግን በአንድ ጥላ ሥር ተቀምጠን በአንድ ነገር ላይ ቃላችን አንድ ቢሆን ልጆቻችን ይሰሙናል፤ ሽማግሌ የተስማማበትን ወጣት እንደሚያፍርበት ታውቃላችሁ። የሜጢ ሽማግሎች የቀፎ ዛፍ እንዳይቆረጥ እንዳደረጉት፣ የእንቁላል ኩሬም እንዳይነካ ማድረግ ይችላሉ፤ እኛ የአውሮፕላን ማረፊያው በር ሽማግሎች ደግሞ የሚገባውን ጫማ መቆጣጠር እንችላለን። በረኪና የገባበት ውኃና ብሩሽ የማንም አቅም ነው፤ ታጥቦ በፀሐይ የደረቀ ጫማ ያን ፈንገስ ይዞ አይሄድም። እንግዳ አይከፋም፤ እንዲያውም ለእንቁራሪቷ እንደታሰበላት ይገባዋል፣ እርሷን ብሎ ነውና የመጣው። የሚከፋ ከሆነም ይክፋ።

እኔ ያን የአቦቦን ሌሊት ሁለት ጊዜ አጥቼ መሞት አልፈልግም። አንዴ በእጄ አጠፋሁት፤ ሁለተኛውን በዝምታዬ እንዳላጠፋው ነው የምጽፈው። እናንተም ብትሆኑ ያን ድምፅ ታውቁታላችሁ፣ እናንተም በዚያች የሣር ዳስ ውስጥ ነበራችሁ። ደኑ ገና አለ፤ ካቻምና ሰምቼዋለሁ፣ ዘንድሮም የልጅ ልጄ ከሜጢ በስልክ አሰምቶኛል። ጊዜው ገና አላለፈም።

ነገ ጠዋት አውሮፕላኑ ሲያርፍ እኔ ከበሩ ፊት ለፊት አንድ ባልዲ ውኃ፣ በረኪናና ብሩሽ ይዤ እገኛለሁ። ዕድሜ ተጭኖኛል፣ ባልዲውን ብቻዬን ከውኃው ቧንቧ እስከ በሩ ማድረስ አልችልም። ኑና አግዙኝ።